ከአኩፋዳ እስከ ካፌ

የትምህርት ታሪካችን ሲወሳ መምህራኑ ይነሣሉ፣ መጻሕፍቱ ይነሣሉ። ተማሪው ምን በልቶ ተማረ? የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እኛ ዛሬ ከዚሁ ከተዘለለው ልንጀምር ወደድን።

የቆሎ ተማሪ ስሙ ራሱ ከስንቁ የመጣ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። መጋቢው ዘመዱ ያልሆነ የመንደር ሰው ነው። ገበሬው ሲጠግብ ተማሪው ይጠግባል፤ ገበሬው ሲራብ አብሮ ይራባል። ኑሮው መራራ ነበር። ቢሆንም የደሀ ልጅ ገንዘብ የለህም ተብሎ ከቅኔ ቤት አልተመለሰም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም!

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ገበታው ከመንደሩ እጅ ወጥቶ ወደ መንግሥት ዞረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪው ምግብና መኝታውን በነፃ ያገኝ ነበር። ያለውም የሌለውም ከአንድ ድስት ይበላ ነበር ማለት ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ነገሩን ለወጠው። ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን፣ ተመርቆ እንዲከፍል ተደነገገ። እንግዲህ ካፌ የምንበላት ሽሮ ስጦታ አይደለችም፤ ዕዳችን ናት። «በነፃ እየበላችሁ ደግሞ ታማርጣላችሁ» የሚለን ካለ ደንቡን ያንብብ።

ምግቡን ትቶ ገንዘቡን መውሰድም ተፈቅዷል፤ ነን-ካፌ የምንለው ይሄን ነው። ታዲያ ያ ገንዘብ ከግቢው በር ሲወጣ የገበያው ዋጋ ይጠብቀዋል። ከቤቱ የሚላክለት ይደጉመዋል፤ የማይላክለት ግን ወሩ ሳይሞላ ወደ ጓደኛው ትሪ ይጠጋል። አንዱ ገበታ ለሁለት የተከፈለው እዚህ ላይ ነው።

ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ለሕፃናቱ ቁርስና ምሳ ማብላት ያዘች። ተደራጅተው የሚያበስሉት እናቶች ናቸው። ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ ትሰጥ የነበረችው የመንደር እናት ተመልሳ መጣች እንበል፤ ልዩነቱ አሁን ልጁ አይለምንም፣ እሷም ለድካሟ ይከፈላታል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ማን ይማር፣ ማን ይቅር የሚለውን ከፈተናው ቀድሞ የሚወስነው ገበታው ነው። ስለዚህ ስለ ካፌያችን ስንነጋገር በወጡ መቅጠን ብቻ አናብቃ፤ ከገበታው ማን እንደ ጎደለም እንቁጠር።