ሆለታ ገነትና ከሰማይ የመጣው ጦር

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትጓዝ ሆለታ ገነትን ታገኛለህ። በዚህች ከተማ በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። መምህራኑ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኰንኖች ነበሩ።

አባቶቻችን በአድዋ ጠላትን ፊት ለፊት ገጥመው ድል ነሥተውታል። በ1928 ዓ.ም. ግን ጠላት ከሰማይ መጣ። በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ስምምነት የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ በአውሮፕላን አዘነበ። ቆዳን የሚያቃጥል፣ ዓይንን የሚያሳውር ነበርና፣ ባዶ እግሩን ለዘመተው ወታደር ጋሻም ጀግንነትም መከላከያ አልሆነውም።

የሆለታ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ጣርማ በር ዘመቱ፤ በታንክና በአውሮፕላን የታገዘውን ጦር ግን ሊገቱት አልቻሉም።

ሆኖም ተስፋ አልቈረጡም። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወደ ነቀምት ተሻግረው ከሌሎች አርበኞች ጋር የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። በሰኔ ወርም በቦነያ ያረፉትን 3 የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሌሊት ከበው አቃጠሉ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮም በዚያው ሞተ። በአየር ላይ ሊደርሱበት ያልቻሉትን መሣሪያ፣ በምድር ላይ ባረፈ ጊዜ መቱት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል! ለእነዚያ ወጣቶች የጐደላቸው ጊዜ እንጂ ወኔ አልነበረም። ጀግንነት በአንድ ቀን ይገለጣል፤ ዕውቀት ግን አስቀድሞ በሰላም ዘመን ካልተዘራ በጦርነት ቀን አይታጨድም።