የሳተው ተኳሹ ነው ወይስ ቶርፒዶው?

ሰሞኑን ድምፄ የጠፋው ታምሜ አይደለም፤ ባሕር ውስጥ ነበርኩ። ልጄ ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ «ሳይለንት ሀንተር 4» የሚባል የሰርጓጅ መርከብ ጌም ኮምፒውተሬ ላይ ጭኖልኝ ሄደ። ይኸው በጡረታ ዕድሜዬ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ሆኜ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የጃፓን መርከብ ሳሳድድ አመሻለሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ላይ ሁሉንም እስት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ አንዲት ጭነት መርከብ መምታት ሲያቅተኝ እልህ ያዘኝና ደብተር አወጣሁ። የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተም እርሳስ ያዙ።

የዚያ ዘመን የአሜሪካ ቶርፒዶ ማርክ 14 ይባላል። በፈጣኑ ጉዞ 46 ኖት ይሄዳል፤ በሰከንድ 24 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከ1,000 ሜትር ብትተኩሱ ለመድረስ 42 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ10 ኖት የምትሄድ መርከብ ደግሞ በዚያ 42 ሰከንድ ከ200 ሜትር በላይ ትጓዛለች። ስለዚህ የሚተኮሰው መርከቧ ወዳለችበት ሳይሆን ወደምትደርስበት ነው። ችግሩ ፍጥነቷን በፔሪስኮፕ አይቶ መገመት ነው። እናንተ 10 ያላችኋት 12 ኖት ብትሆንስ? በ1,000 ሜትር ስሕተታችሁ 43 ሜትር ነው። መርከቧ 120 ሜትር ከረዘመችና መሐሏን ካነጣጠራችሁ አሁንም ትመታላችሁ። ከ2,500 ሜትር ግን ያው የሁለት ኖት ስሕተት ከ100 ሜትር በላይ ይሆናል። አለቀ፣ ቶርፒዶው በኋላዋ ያልፋል።

መድኃኒቱ በትኖ መተኮስ ነው። ሦስት ወይም አራት ቶርፒዶ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት እንደ ጣት ዘርግቶ መልቀቅ፤ አንዱ ወደ ፊቷ፣ አንዱ ወደ መሐሏ፣ አንዱ ወደ ኋላዋ። ግምታችሁ ቢዛነፍም አንዱ ያገኛታል። እኔ የተሸወድኩት ማዕዘኑ ላይ ነው። ሁለት ዲግሪ በ1,000 ሜትር ላይ 35 ሜትር ነው፤ በ2,500 ሜትር ላይ ግን 87 ሜትር ይከፈታል። እኔ ሆዬ ለቅርቡም ለሩቁም ያንኑ ሁለት ዲግሪ ሞልቼ እተኩሳለሁ። በእውነተኛዎቹ መርከቦች ላይ ይህን ስሌት የሚሠራ በጥርስና በማርሽ የሚዞር የስሌት ማሽን ነበረ፤ የመታጠፊያውን ማዕዘን ቱቦው ውስጥ ላለው ቶርፒዶ ያለማቋረጥ ያቀብል ነበር። ድንቅ ነገር ነው፣ ግን ማሽኑም ቢሆን የሚያሰላው አዛዡ የሰጠውን ግምት ነው።

ደብተሬን ካስተካከልኩ በኋላም ግን አንዳንዱ ቶርፒዶ አልፈነዳ አለኝ። ስሌቱን ሦስቴ ደገምኩት። ለካ ልጄ ጌሙ ላይ «ቶርፒዶ ይክሸፍ» የሚለውን ምርጫ ሳይነግረኝ ከፍቶት ኖሯል! ደውዬ ስቆጣው፣ «አባዬ፣ እውነተኛው ታሪክ እኮ እንደዚያ ነው» አለኝ። ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

እውነቱን ነው። አዛዦቹ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንስቶ «ቶርፒዶው ችግር አለበት» እያሉ ሪፖርት ይጽፉ ነበር። ዋሽንግተን ያለው የባሕር ኃይሉ የመሣሪያ ቢሮ መልስ ደግሞ «አነጣጠራችሁ ነው ችግሩ» የሚል ነበር። አንዱ ቶርፒዶ 10,000 ዶላር ገደማ ስለሚያወጣ ከጦርነቱ በፊት በደንብ አፈንድተው አልሞከሩትም። በትኖ መተኮሱ ደግሞ ነገሩን ሸፈነው። አራት ተኩሰህ አንዱ ከፈነዳ «መታሁ» ትላለህ፤ ሦስቱ ሳቱ ይሁን ከሸፉ ማን ይለያል? ለስሕተትህ መጠባበቂያ ብለህ የላክኸው የመሣሪያውንም ጥፋት ይደብቅለታል።

ጁን 1942 አድሚራል ቻርልስ ሎክውድ ምዕራብ አውስትራሊያ፣ አልበኒ አጠገብ የዓሣ መረብ ባሕር ውስጥ አስዘርግተው አስተኮሱ። 10 ጫማ ጥልቀት ላይ እንዲሄድ የተሞላው ቶርፒዶ መረቡን 25 ጫማ ላይ ቀዶት አለፈ። ቢሮው ከሳምንታት በኋላ አመነ። ቀጥሎ በመርከቡ ብረት መግነጢስ የሚቀሰቀሰው ማፈንጃ ያለጊዜው ሲፈነዳ ወይም ጭራሽ ሳይፈነዳ አስቸገረ፤ አድሚራል ኒሚትዝ ጁን 24 ቀን 1943 እንዲዘጋ አዘዙ። አሁንስ ተቃና ሲባል ሦስተኛው ጥፋት ብቅ አለ።

በወሩ፣ ጁላይ 24 ቀን 1943፣ ቲኖሳ የምትባለው ሰርጓጅ ቶናን ማሩ ቁጥር 3ን አገኘች፤ ባለ 19,000 ቶን የዓሣ ነባሪ ማቀነባበሪያ መርከብ። አዛዡ ዳስፒት ከሩቅ አራት በትኖ ተኮሰ፣ ሁለቱ መቱና መርከቧ ቆመች። ሁለት ጨመረ፣ መቱ። አጃቢ የለ፣ ዒላማው አይንቀሳቀስ! ዳስፒት በጥንቃቄ ዞሮ 800 ሜትር ገደማ ላይ ልክ በቀጥታ ጎኗ ትይዩ ቆመና አንድ በአንድ ዘጠኝ ቶርፒዶ ለቀቀ። ዘጠኙም መቱ። አንዱም አልፈነዳም። የመጨረሻውን አንድ ሳይተኩስ ለምርመራ ይዞት ተመለሰ።

አያችሁ? የሚገመት ፍጥነት የለም፣ መበተን የለም፣ «ሳትክ» የሚባልበት ቀዳዳ የለም።

ሎክውድ በዚያን ጊዜ ፐርል ሃርበር ነበሩ። ቶርፒዶ ከሃዋይ ገደል ጋር አጋጩ፣ ፈንጂው የወጣለትን ደግሞ በክሬን 90 ጫማ ሰቅለው ብረት ላይ ጣሉ። በቀጥታ ከወደቁት አሥር ሰባቱ ከሸፉ። ባጋደለ ብረት ላይ ሲሆን ግን የከሸፈው ግማሹ ነው። ማፈንጃውን የሚቀሰቅሰው መርፌ በቀጥታ ሲጋጭ ድንጋጤው ስለሚበዛበት በመንገዱ ላይ ይያዛል። ማለትም በደንብ ያነጣጠረው ሰው ነው ይበልጥ የከሸፈበት! ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ቀለል ያለ መርፌ ተሠራና ነገሩ የተስተካከለው በሴፕቴምበር 1943 መጨረሻ ነው፤ አሜሪካ ጦርነት ከገባች 21 ወር በኋላ።

ሌሊት ይህን እያነበብኩ አንድ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። የኦም ሕግ ሙከራ ላይ ነው። የሁሉም ቡድን ውጤት ሲገጥም የእሱ አልገጠመም። «አሚሜትሩ ነው ቲቸር» አለኝ። «መሣሪያ አታሳብ፣ ድገመው» አልኩት። ደገመው፤ ያው ሆነ። ከ10 አራት ሰጠሁት። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ቡድን ያንኑ አሚሜትር ወስዶ ያንኑ የተዛነፈ ቁጥር ይዞልኝ መጣ። አሚሜትሩን ከመደርደሪያ አወጣሁት። የልጁን ማርክ ግን አላስተካከልኩም፤ ሮስተሩ ገብቷል ብዬ።

ስምህን እዚህ አልጽፍም። ግን የአሚሜትሩ ልጅ አንተ ከሆንክ ታውቀዋለህ። ንባብህ ልክ ነበር። ኢንቦክስ አድርገኝ።