የወንድ መካንነት፦ ምርመራው ለምን በሚስት ብቻ ይጀመራል?

በቂርቆስም ሆነ በካዛንቺስ፣ ትዳር ይዘው ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ሲኖሩ ጣት የሚቀሰረው በሚስት ላይ ነው። ጠበል የምትመላለሰውም፣ ሐኪም ቤት የምትንከራተተውም እሷ ናት። ነገር ግን መውለድ ካቃታቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ችግሩ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ከወንዱ የሚመጣ ነው።

መካንነት የሚባለው ባልና ሚስት ያለ መከላከያ ለ12 ወራት አዘውትረው ተገናኝተው እርግዝና ሳይኖር ሲቀር ነው።

የወንዱ ምርመራ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሹን ለላቦራቶሪ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መለኪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የወንድ ዘር ነው። ከዚህ ያነሰ ሁሉ ግን መካን አይደለም፤ ምርመራው ይደገማል።

ከመንስኤዎቹ መካከል የቆለጥ ደም ሥሮች ማበጥ፣ ሳይታከም የቆየ የአባላዘር በሽታ፣ ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍና የሆርሞን መዛባት ይገኛሉ። ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወሰድ ቴስቶስትሮንም የዘር ምርትን ያዳክማል። ሕክምናው እንደ መንስኤው መድኃኒት፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ከማህፀን ውጭ ፅንስ መፍጠር ነው። ለዚህም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. ማዕከል ከፍቷል።

አንዳንዱ ባል ግን ከመመርመር ይልቅ ሌላ ሚስት ያማትራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይከለክላል። ሕጉስ ይቅር፤ ችግሩ የራሱ ከሆነ ሁለተኛዋስ ምን ታደርግለታለች?