ዝናብ የማያስገባና ላብ የሚያስወጣ ጃኬት

ዝናብን ከውጭ እየከለከለ የላብን ተን ከውስጥ የሚያሳልፍ የጉዞ ልብስ ነው። ከጨርቆቹ ይበልጥ የታወቀው ጎር-ቴክስ ነው። መነሻውም አሜሪካዊው ቦብ ጎር በ1969 እ.ኤ.አ. የጋለ የቴፍሎን ዘንግ በድንገት ስቦ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነገር ማግኘቱ ነው። ቀዳዳዎቹ የውሃ ጠብታ አያስገቡም፤ ተን ግን ያሳልፋሉ።

ጃኬት ሲመረጥ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። አንዱ ጨርቁ የሚቋቋመው የውሃ ዓምድ ከፍታ ሲሆን በሚሊሜትር ይለካል። 10,000 ለብዙ ዝናብ ይበቃል፤ የከባድ ቦርሳ ማንገቻ ግን ውሃውን ትከሻ ላይ ስለሚጫነው ለተሸካሚ 20,000 ይሻላል። ሌላው በ24 ሰዓት ከአንድ ካሬ ሜትር የሚወጣው ተን በግራም ነው። የመለኪያው ዘዴ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ይህን ቁጥር ማወዳደር ያሳስታል።

የላይኛው ጨርቅ ውሃ ከጠጣ ተኑ መውጫ ያጣና ውስጥ ጤዛ ይሆናል፤ ለባሹም ጃኬቱ ያፈሰሰ ይመስለዋል። እንደ ራስ ዳሸን ባለ ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ፣ ዳገት ላይ ያላበው ሰው ሲያርፍ ብርዱ ለሕይወት ያሰጋዋል። ስለዚህ ስፌቱ የታሸገ፣ ብብቱ ሥር ዚፕ ያለው ይመረጣል። መታጠብ ያበላሸዋል የሚባለው ስሕተት ነው፤ ይልቁንም ቆሻሻና የሰውነት ቅባት ናቸው የሚጎዱት።