ዋልያዎቹ ያልደረሱበት፣ ዳኞቹ የደረሱበት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የዓለም ዋንጫን ሜዳ ረግጦ አያውቅም፤ የኢትዮጵያ ዳኛ ግን ከረገጠው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነ። በ1962 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ፣ ቢጫና ቀይ ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ በዋለበት የዓለም ዋንጫ፣ ስዊድንና እስራኤል ቶሉካ ከተማ ውስጥ 1 ለ 1 ሲለያዩ ፊሽካው በሥዩም ታረቀኝ እጅ ነበር። ይህን እንደ ድንገተኛ ዕድል አላየውም። አዲስ አበባ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አስተናግዳለች፤ በ1960 ደግሞ ከአስመራ ጋር ሆና ደግማዋለች። ዳኛን የሚያበስለው ደንቡን መሸምደዱ ሳይሆን ፉክክሩ የበረታ ጨዋታ ነው፤ እንዲህ ያለ ጨዋታ የለመደ ከተማም ዳኛ ያወጣል።

መንገዱን የጠረገው የይድነቃቸው ተሰማ ተሰሚነት ነው የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ በቀላሉ የሚጣልም አይደለም። እርግጥ ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት የሆኑት በ1964፣ ከሜክሲኮ በኋላ ነው። ቀድሞም ግን ቃላቸው ይደመጥ ስለነበር ዘመን መቁጠሩ ብቻውን አይበቃም። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ኋላ የሆነው ነው። እሳቸው በ1979 ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ባምላክ ተሰማ በ2010 ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ ከተመረጡት ስድስት ዋና ዳኞች አንዱ ሆነ። በ2013 ደግሞ ሊዲያ ታፈሰ ካሜሩን ላይ በአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና (ቻን) የታንዛኒያንና የናሚቢያን ጨዋታ ከሁለት ሴት ረዳቶች ጋር መራች። ወዳጅ በር ይከፍት ይሆናል፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ግን ማንም ለዳኛ አይሮጥለትም።

ታዲያ በደቡብ ወሎ ያሉት መካነ ሰላም፣ ወግዲና ከላላ ከዚህ ታሪክ ምን ድርሻ አላቸው? ወሎ የሽምግልናና የአባጋር (የአስታራቂ ሽማግሌ) አገር ስለሆነ ዳኝነት በደሙ አለ የሚሉ ይኖራሉ። አልስማማም። ሽማግሌ ጊዜ ወስዶ፣ ሁለቱንም ወገን አለሳልሶ ያስታርቃል፤ የኳስ ዳኛ በቅጽበት ቆርጦ አንዱን ያስከፋል። የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ፊፋ ዋና ዳኛን በዝርዝሩ የሚያስገባው ከ25 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት በወረዳ፣ በዞን፣ በክልልና በአገር አቀፍ ውድድሮች በማጫወት መሞላት አለባቸው። ለደቡብ ወሎዋ ቦረና ወጣት ወሳኙ የመጀመሪያው፣ የወረዳው እርከን ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መካነ ሰላም ውስጥ አለ፤ ተጫዋችም ተመልካችም አይጠፋም። መቅደም ያለበት በየዓመቱ የማይቋረጥ ውድድርና የወጣቱን ዳኛ ፊሽካ ተከታትሎ ነጥብ የሚሰጥ ገምጋሚ ነው።