የስፖርት ጋዜጠኛና የታሪክ ትምህርት

ከተማሪዎቻችን መካከል በሬዲዮ የስፖርት ጋዜጠኛ ለመሆን የሚመኙ አሉ። ለዚህ ሙያ ጥሩ ድምፅ ይበቃል ለሚሉት የጅቡቲን ምሳሌ እናቀርባለን።

ጅቡቲ ነፃነቷን ያገኘችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ስምንት ዓመት ሳይሞላት፣ በ1977 ዓ.ም. ሁሴን አህመድ ሳላህ በጃፓን ሂሮሺማ የዓለም ማራቶን ዋንጫን አሸነፈ። ሩጫው በሩቅ አገር ሲካሄድ በጅቡቲ ከተማ ሬዲዮ ለከፈተ ሁሉ ዓይኑ ጋዜጠኛው ነው። ከተማይቱም ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የሚነገርባት ስለሆነች በአንድ ቋንቋ ብቻ ሁሉንም ማዳረስ አይቻልም።

ቋንቋ ብቻውን ግን አይበቃም። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በሮተርዳም የእኛው በላይነህ ዲንሳሞ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሳላህ በ17 ሴኮንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ጋዜጠኛው እዚህ ላይ ቢያቆም አልዋሸም፤ እውነቱን ግን አጉድሏል። ምክንያቱም ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ በ1977 ዓ.ም. ያስመዘገበው የቀድሞው ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ነበር። ሳላህ የገባው በ2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ነው። እንግዲህ የተሸነፈውም ሯጭ የቀድሞውን ክብረ ወሰን በ5 ሴኮንድ አሻሽሎ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሳያዳላ ለአዲስ አበባም ሆነ ለጅቡቲ አድማጭ ሊናገር የሚችለው ያለፈውን የሚያውቅ ብቻ ነው። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ሙያውን የሚመኙ ተማሪዎችን ከማይክሮፎኑ በፊት ወደ ቋንቋ፣ ወደ ሒሳብና ወደ ታሪክ ደብተራቸው እንምራቸው።