ኪሎዋት ሰዓት
የኤሌክትሪክ መኪና ሻጭ «ባትሪው 60 ኪሎዋት ነው» ካላችሁ አንድ ቃል አጉድሏል። ኪሎዋት ኤሌክትሪኩ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚፈስ ይለካል፤ ሞተርና ቻርጀር የሚነገሩት በእሱ ነው። ባትሪ ግን የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይህ እንደ ነዳጅ ሊትር የመጠን መለኪያ ነው። ባለ 1,000 ዋት ምድጃ አንድ ሰዓት ሲበራ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ የቤታችን ቆጣሪም የሚቆጥረው ይህንኑ ነው። መካከለኛ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል (የእንጦጦን አቀበት ሳንቆጥር)። ባለ 60ውን በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ከባዶ መሙላት 9 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ኪሎዋትንና ኪሎዋት ሰዓትን አለመለየት ኪስ ይጎዳል። ስትገዙ ሁለቱንም ቁጥሮች ለይታችሁ ጠይቁ።